ሦስት ሽማግሌ በደጅ ስላደረቀው የሠላሳ አምስት ኪሎ ሕግ

ለተከበሩ የ«ሰባት አምባ» የኦንላይን ጨዋታ የክብደትና የእውነታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሌላ ሰው ቢጽፍልዎ ስለ ቤተሰብዎና ስለ ልጆችዎ በጠየቀ ነበር፤ እኔ ግን የዓለምን ዕቃ ሁሉ፣ ከላባ እስከ ወፍጮ ድንጋይ፣ አንድ በአንድ አንሥቶ የመዘነ ሰው በመጀመሪያ የሚታመመው ወገቡን እንደሚሆን ስለምገምት፣ ለትከሻዎና ለጉልበትዎም ጭምር ምሕረትን እለምናለሁ። እኔ፣ እንደጠየቁኝ ይቆጠርልኝና፣ ከደብረ ማርቆስ ብርድ በቀር የሚያሳስበኝ ነገር የለም፤ እርሱም ቢሆን እስካሁን በኪሎ ስላልተተመነ ችዬ እኖራለሁ።

ማን እንደምባል ሳልናገር ወደ ጉዳዬ ብገባ ብልግና ይሆንብኛል። ዘቢደር እባላለሁ፤ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ፣ የቤት ኪራይ የተጨመረባት መምህርት፣ ባሏ ስልክ አላነሣ ያላት ሚስት፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣሉ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ስልኬን ከፍቼ በሰባት አምባ ውስጥ አባ ጎራው እሆናለሁ፤ ጢሙ እስከ መታጠቂያው የወረደ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሽማግሌ ጦረኛ። ወንድ የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። ለሴት ጀግኖች ያሰፋችሁላቸው ልብስ ለጮቄ ተራራ ነፋስ ቀርቶ ለቆላ ሰው የሚበቃ ሆኖ ስላላገኘሁት ጢሙን መረጥኩ፤ ጢም ቢያንስ ደረት ይሸፍናል።

በጨዋታው ውስጥ «የጮቄ ማኅበር» የሚባል የጦረኞች ኅብረት አለን። አለቃችን በደብረ ኤልያስ ፊዚክስ የሚያስተምረው እንዳላማው ነው፤ መሳፍንት በቁይ ጤፍ ይነግዳል፤ ታናሽ ወንድሜ ክንዴ ደግሞ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ይሠራል። የዚህ ደብዳቤ ምክንያት ክንዴ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቆንጆ ሴት ወደ መድኃኒት ቤቱ በገባች ቁጥር የወደቀበትን ነገር እንደሚፈልግ ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ የሚጠፋ ዓይናፋር ነው። በሰባት አምባ ግን የሚናገረው በጽሑፍ ስለሆነ አንደበቱ ተፈታ። በደብረ ወርቅ አዋላጅ ነርስ ከሆነችው ከየብርጓል ጋር ዘንዶ ሲያሳድዱ ተዋወቁ፤ እየዋለ እያደረ ተዋደዱ፤ በአካልም ተገናኝተው ተስማሙ፤ እንደሰማሁት ያን ዕለት ጎንበስ አላለም። ወንድሜ ዐርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ብቻውን ይቀራል እያልኩ ስሰጋለት ለኖርኩት ለእኔ ይህ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ እርስዎ በሚያውቁት መስፈሪያ ልነግርዎ አልችልም።

የቀሩት አባቷ ነበሩ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራቸው በጡረታ ሲገለሉ፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ጉዳይ እንዳይጣሉ ብላ ልጃቸው ይህን ጨዋታ አስለመደቻቸው። እርሳቸውም ደብረ ወርቅ ቤታቸው ተቀምጠው በሰባት አምባ ውስጥ የራሳቸውን አምባ ገነቡ፤ ግንብ አጠሩ፤ በር አቆሙ፤ አሁን የሚጣሉት ስለዚያኛው አጥር ነው። የልጃቸው ነገር ሲነገራቸው የላኩብን ቃል ይህ ነበር፦ «ልጄን ያያችኋት በአምባዬ ነው፤ ሽማግሌም በአምባዬ ደጅ ይቁም። በስልክ እንዳታናግሩኝ፤ ልጅ በስልክ አይጠየቅም። ከቅበላ ወዲያ የሚመጣ ሽማግሌ ደግሞ አይምጣብኝ።» ከባሕር ዳር ሌላ ጠያቂ እንዳለም አልደበቁንም። እርስዎ በእውነታ ጉዳይ የሠለጠኑ ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ እንጂ፣ በእኛ አገር ልጅ ለመጠየቅ የሄደ ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፤ የመጣበትን ይናገራል፤ ባለቤቱ «ተቀመጡ» እስኪለው ድረስም አይቀመጥም። ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ ወደማለቁ ነው፤ ካልተባለ ግን እንደቆመ ይመለሳል።

ለሽምግልናው የተመረጥነው እንዳላማው፣ መሳፍንትና አባ ጎራው ነበርን። በደብረ ማርቆስ ሴት ሽማግሌ ሆና ልጅ ስትጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ በእናንተ አገር ግን ጢም ስላለኝ ማንም ግር አላለውም። ለዚህ ዕድል ያለ ምንም አሽሙር አመሰግናችኋለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን እንደዚህኛው እንዳያዩብኝ አደራ።

ሐሙስ ከሰዓት ጉዞ ስንጀምር የማኅበሩ አባላት በሙሉ ስንቅ ይዘው ሊሸኙን ወጡ። ለትልቅ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። አንዱ ድፎ ዳቦ አመጣ፤ አንዱ የበግ ወርች፤ አንዱ ገንቦ ሙሉ ቅቤ። «ይበቃናል» ብንል «በሞቴ» ተባልን፤ በሞቴ ከተባለ ደግሞ መቀበል እንጂ መከራከር የለም። ያን ጊዜ በጨዋታችሁ አንድ ጀግና የቤተ ክርስቲያን ደወል ቢሸከም ከፍ ዝቅ አድርጎ የሚያየው ስላልነበረ ሁሉንም ተሸክመን እየቀለድን ሄድን። ዓርብ ጠዋት፣ የአቶ ዘመንፈስቅዱስ አምባ በር ሊደረስ ድምፅ የሚሰማ ያህል ሲቀረን፣ ማሻሻያችሁ ወረደ። «ከዛሬ ጀምሮ ሰባት አምባ እንደ እውነተኛው ዓለም ይሆናል» ይላል ማስታወቂያው። ማንም ጀግና ከሠላሳ አምስት ኪሎ በላይ አይሸከምም፤ ከተሸከመ ወገቡ ይጎብጥና ባለበት ይቆማል። እኛም በታዘዝነው መሠረት ጎብጠን ባለንበት ቆምን።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ሙያዬ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ሚዛናችሁን ይመለከታል። በእናንተ ስሌት አንድ ጋቢ ዘጠኝ ኪሎ ነው። ጋቢውን የመዘነው ባለሙያ ውኃ ውስጥ ነክሮት ይሁን ሰው ከውስጡ ሳይወጣ አላውቅም፤ ለትጋቱ ግን ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ ባርኔጣውም ሦስት ኪሎ ነው። የተቆረጠ የዘንዶ ራስ ግን «የክብር ምልክት» ስለሆነ ምንም አይመዝንም። ስለዚህ አንድ ጀግና ዐሥራ ሁለት የዘንዶ ራስ በጀርባው አንጠልጥሎ እየዘለለ ይሄዳል፤ ብርድ ይዞት ሁለተኛ ጋቢ ቢደርብ ግን ያነክሳል። ዘንዶው ራሱ ያን ሁሉ ሆድ ይዞ የሌሊት ወፍ በሚያህል ክንፍ ሲበር የመዘነው የለም። አህያችሁ ደግሞ ከሃያ ኪሎ በላይ አትሸከምም። የቁይ ገበያ አህዮች ይህን ሕግ ቢሰሙ ለክፍልዎ የምስክር ወረቀት ባዘጋጁ ነበር።

ሁለተኛ፦ «ከመጠን በላይ የተሸከመ ጀግና ትንፋሽ ስለሚያጥረው መናገር አይችልም» ብላችሁ የመጻፊያውን ቦታ ዘጋችሁብን። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ያለ ምላስ ምን ይሠራል? በስልክ እንዳንናገር ተከልክለናል፤ የብርጓል እንዳትነግርልንም ልጅ ስለ ራሷ ሽማግሌ ለአባቷ አፍ አታወጣም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚህ ምድር ላይ ሸክም ከያዘ ሰው የበለጠ የሚናገር የለም። የአውቶቡስ ጣቢያ ተሸካሚዎቻችን አልጋና ቁም ሣጥን ጀርባቸው ላይ አድርገው «ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ መንገድ የዘጋውን ይሰድባሉ፤ ያልዘጋውንም አይምሩትም። እናንተ ይህን እውነታ ከየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳመጣችሁት ባላውቅም፣ ዝም እንዳለ ያደረሰ ተሸካሚ ካገኛችሁ አድራሻውን ብትልኩልኝ ዕቃ የምታጓጉዝ ጎረቤት አለችኝ።

ሦስተኛ፦ «ሸክም ከከበደዎ ጣል የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ» በሚል ያቀረባችሁልን ወንድማዊ ምክር ነው። ቁልፉ ቀይ ነው፤ ያምራል። ሆኖም የሚጣለው እህል ነበር። ልጅ ልንጠይቅ ሄደን፣ በልጅቷ አባት ደጅ፣ ድፎ ዳቦ መሬት ላይ እንድናፈስ ነው የመከራችሁን፤ እንደዚያ ብናደርግ እርሳቸው ልጃቸውን ቀርቶ ውሻቸውንም አይሰጡንም ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። ሰይፍና ጋሻ እንዳንጥል፣ ሽማግሌ መሣሪያ ይዞ ልጅ አይጠይቅም ብለን ከቤት ትተነዋል። በስልክ ተደዋውለን ስንቁን ለሰጪዎቹ እንመልስ ስንል ወለተ ኪዳን የምትባለው ቀስተኛችን «የሰጠሁትን ስንቅ መልሼ ልቀበል? ምን አጠፋሁ?» ብላ አኮረፈች፤ እስከ ዛሬም በደንብ አላናገረችኝም። በመጨረሻ መሳፍንት፣ ነጋዴ አይደል፣ ጋቢያችንን አውልቀን ክብደት እንቀንስ የሚል መላ አመጣ። ከጋቢው በታች ጀግኖቻችሁ ምን እንደለበሱ ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም። ሦስት ሽማግሌ በአንዲት እራፊ ጨርቅ ተሸፍነው ልጅ ሲጠይቁ እንዲታዩ አልፈቀድኩም፤ በተለይ የእኔን ሽማግሌ።

አራተኛ፦ «እንግዲያ ብሉታ» ይሉኝ ይሆናል። ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ከላይ ጽፌአለሁ። በሰባት አምባ የሚበላው ነገር ሁሉ ሥጋ ነው፤ ዳቦውን እንኳ እያብረቀረቀ እስኪታይ ድረስ ቅቤ ቀብታችሁታል። እንዳላማው የሳይንስ ሰው ነው፤ ተማሪዎቹን ዓይናችሁ ያላየውን አትመኑ ይላቸዋል፤ ነገር ግን «ልጅ ልጠይቅ ሄጄ በሰው ደጅ ጾም ልገድፍ?» ብሎ ብላ የሚለውን ቁልፍ አልነካም አለ። የሚበላው ጀግናው እንጂ አንተ አይደለህም ብዬ ባስረዳው «ጀግናው ክርስቲያን አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለዚህ ቅዳሜን ልንጠብቅ ተስማማን። ቅዳሜ ማለዳ ተሽቀዳድመን ቁልፉን ስንጫን ደግሞ ጨዋታችሁ «ጀግናዎ አልራበውም» አለን። ለካስ በእናንተ ሕግ የቆመ ሰው አይርበውም፤ የሚርበው የሄደ ብቻ ነው። እንዳንሄድ ከብዶናል፤ እንዳይቀለን አልራበንም፤ እንዳይርበን አልሄድንም። ይህን ቋጠሮ የቋጠረው ሠራተኛዎ ደመወዝ ጭማሪ ይገባዋል፤ ለእኛ ሲባል ግን ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወር።

አምስተኛ፦ በቅሎዋ። ማሻሻያው በወረደ ማግስት በሱቃችሁ «የማትደክም በቅሎ» ለሽያጭ መቅረቧን አየን፤ በእርሷ ላይ የተቀመጠ ጀግና ሸክም አይቆጠርበትም። እውነታችሁ የሚሠራው እስከ ሱቃችሁ ደጃፍ መሆኑን ስለገለጻችሁልን እናመሰግናለን። የባሕር ዳሩ ጠያቂ ሀይለመለኮት ለሽማግሌዎቹ በቅሎዎቹን ገዛላቸው፤ እነርሱም ቅዳሜ ከሰዓት በፊት እየጋለቡ፣ ጎብጠን በቆምንበት አጠገብ አቧራ አልብሰውን አልፈው፣ ከበሩ ደረሱ። አለቀልህ ወንድሜ፣ አልኩ። ክንዴ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሥቶ ወጥቶ ከግቢው አጥር ሥር ቆመ፤ ልጅ ሳለ ሲከፋው የሚያደርገው እንደዚያ ነበር። ያን ሰዓት በእርስዎ ክፍል ላይ የተመኘሁትን ነገር በዚህ ደብዳቤ ላስፍረው አልችልም፤ ጨዋ ሴት ነኝ።

ነገር ግን በቅሎ የገዛ ሁሉ ከበቅሎ መውረድ አይችልም። ከወረዱ የጫኑት ስንቅ ሁሉ ትከሻቸው ላይ ሊያርፍባቸው ነውና የባሕር ዳሮቹ ሽማግሌዎች እንደተቀመጡ ሰላምታ ሰጡ፤ እንደተቀመጡም ልጅ ጠየቁ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ከግንባቸው ላይ ሆነው ሽቅብ ቁልቁል አዩአቸውና «ከበቅሎ ሳይወርድ ልጅ የሚጠይቅ ከወሰዳት በኋላ ምን ሊያደርጋት ነው?» ብለው በሩን ዘጉባቸው።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ከዓርብ ጀምሮ ደጃቸው ላይ የተገተሩ፣ የማይናገሩ፣ የማይቀርቡ፣ የማይሄዱ ሦስት ሽማግሌዎች። «እናንተስ? በሉ ግቡ» አሉን። አልገባንም። «የመጣችሁበትን ተናገሩ» አሉን። አልተናገርንም። «እነዚያ ከበቅሎ አንወርድም አሉ፤ እናንተ ደግሞ ደጄን አንረግጥም አላችሁ፤ ሰው ምን ነካው?» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ሰው ትልቁን አክብሮት ይዞ ሄዶ እንደ ናቂ ሲቆጠርና አንዲት ቃል መመለስ ሲያቅተው ማየት በጣም ያማል፤ በእናንተ ጨዋታ ውስጥ ስለሆነም ሕመሙ አይቀንስም።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ግን ልጅ አሳድገው ለቁም ነገር ያበቁ ሰው ናቸው። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ ጉብጠታችንን አስተዋሉት መሰለኝ፣ ተመልሰው መጡና በዙሪያችን ዞሩ። «ቆይ፤ ሸክም ነው እንዴ? እንግዳ ከነሸክሙ ደጄ አይቆምም!» ብለው ከፊት ከቆመው ከእንዳላማው ጀምረው ስንቁን ያወርዱልን ጀመር። አንድ ዳቦ ተቀበሉ፤ ሌላም ደገሙ፤ የበጉን ወርች ሲጨምሩ ግን፣ እንዳላማው ገና ሳይቀለው፣ የለበሱት የብረት ጥሩር ለካስ ሠላሳ አምስቱን ኪሎ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነበርና፣ እርሳቸውም ጎበጡ። አፋቸውም ተዘጋ። ጥሩራቸውን እንዳያወልቁ እንግዳ ፊት ናቸው፤ ዳቦውን እንዳይጥሉ የእንግዳ ስንቅ ነው። በሰባት አምባ ውስጥ አንድ ባለቤትና ሦስት እንግዶች፣ በአንድ በር ላይ፣ ፊት ለፊት ጎብጠው፣ ድምፅ ሳያሰሙ እየተያዩ ዋሉ። አላፊ አግዳሚ ጦረኞች ሐውልት መስለናቸው በአጠገባችን ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር።

እሑድ ቅበላ ነው፤ ከእሑድ ወዲያ ሽማግሌ አይምጣብኝ ተብለናል። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። እንዳላማው ከደብረ ኤልያስ ገስግሶ ደርሶልኝ አብሮኝ ተሳፈረ፤ መሳፍንትን ከቁይ አነሣነው። የክብደት ክፍላችሁ ለጥናት ቢያስፈልገው፣ በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» ባለ ቁጥር የሚገባውን ሰው፣ ከጣሪያው ላይ የተጫነውን ድንች፣ ከእግራችን ሥር የተጋደመውንም በግ መጥታችሁ ብትመዝኑ ብዙ ትማሩ ነበር። መኪናው አላነከሰም። ሾፌሩም ትንፋሽ አላጠረውም፤ እስክንደርስ ድረስ ያወራ ነበር።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ስልካቸውን እንደያዙ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ደንቡ ከደጃቸው ቆምን። እንዳላማውና መሳፍንት ስማቸውን ተናገሩ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ አንድ በአንድ ካዩአቸው በኋላ በመካከላችን ሌላ ሰው ፈለጉና «ሦስተኛው የት ቀረ? ባለ ጢሙ?» አሉ። በመንገድ ላይ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። መሳፍንት «አሞት ቀረ» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። እውነቱን ብናገር ሴት ሽማግሌ ላኩብኝ ብለው ይቆጡ ይሆናል፤ በሐሰት የተጠየቀች ሚስት ደግሞ ለወንድሜ አልፈልግለትም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የብርጓል በበሩ በኩል ብቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። አባቷ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዓርብ ጀምሮ ደጄ የቆሙት እርስዎ ነዎት ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ነኝ አልኩ። ታዲያ ዳቦውን ጥለው ለምን አልገቡም አሉኝ። «በደጅዎ ላይ?» አልኳቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ፤ የራሳቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው አንሥተው ከበረንዳው ወርደው ፊቴ አስቀመጡትና «ይቀመጡ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ወዲያው ለክንዴ ደውዬ «ይቀመጡ አሉኝ» አልኩት። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሁሉ በክፍልዎ ሕግ የተነሣ እንደሆነ ቆጥረው ለሠራተኞችዎ ሽልማት እንዳያስቡ እፈራለሁ። ሰው ጉድጓድ የቆፈረበትን አያመሰግንም፤ ያወጣውን ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ዳኝነት የሚከተለው ነው፦ አንዱን ሸክም ሁለት ሰው እንዲያነሣው ይፈቀድ፤ ሰው ቃሬዛ የሚሸከመው ብቻውን ነው የሚል እውነታ ከየትም አልተሰማምና። የተሸከመ ሰው አንደበቱ ይመለስለት። ጋቢው በደረቅ ቀን ደግሞ ይመዘን። ዘንዶውም ሌሎቻችን በወጣንበት ሚዛን ላይ ይውጣ፤ እምቢ ካለ ክፍልዎ ራሱ ይዞ ያምጣው። በቅሎዋን በተመለከተ ምንም አልጠይቅም፤ እርሷ የሚገባትን ፍርድ በአንድ የጎጃም አባት ደጅ አግኝታለች።

ክቡርነትዎ ከወንበርዎ ተነሥተው አንድ ቀን እንኳ አንድ ገንቦ ውኃ ከምንጭ እስከ ቤት እንዲያደርሱ፣ በመንገድ ላይም የሚያግዝዎ ሰው እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሚዛንዎ ትክክለኛነትን፣ ለክፍልዎ ማስተዋልን፣ ለወገብዎ ዘላቂ ጤንነትን እየለመንኩ፣ መላው የጮቄ ማኅበር ከነጉብጠቱ እጅ እንደሚነሣዎ በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

አክባሪዎ
ዘቢደር
ደብረ ማርቆስ፣ በመጀመሪያው የጾም ሳምንት

ይህም ታክሎ ይነበብ፦ የአቶ ዘመንፈስቅዱስ ጀግና እነሆ እስካሁን በገዛ ደጁ እንደደረቀ ነው፤ ሥጋውን እንዳይበሉት ጾሙ ገብቷል። እርሳቸውም በእናንተ ላይ የሚያስገቡትን አቤቱታ እኔ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል፤ አማች ናቸውና እምቢ አልላቸውም። ቃላቸውን በስልክ ከዳር እስከ ዳር አሰምተውኛል፤ አንዷንም እንዳላለሰልስ በሞቴ ብለውኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ «ክቡር ሆይ» የሚልዎ ሰው ከእንግዲህ አያገኙም።